ጠንካራ ካርታ ስይዝ የሚሸሸኝ ሰውዬ

ጁን 4፣ እሑድ

ብርዱ ዛሬ ጨክኗል። ጠዋት አንሶላ አጠብኩ፣ እስካሁን አልደረቀም። ለእማማ ሙኒያማ ሻይ ወሰድኩ። "ስኳር ይጨመር?" ብዬ ደጋግሜ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ እሳቸው አልሰሙም። የአማቴ ጆሮ እንዲህ ከሆነ ይኸው ሁለት ዓመቱ... ዳያላን ደግሞ ምሳውን በልቶ ጋራዥ ገባ። የጫማ ፋብሪካው ከተዘጋበት ወዲህ እሑድ የለ ሰኞ የለ፣ ጋራዥ ነው። ባል ነው ያገባሁት ወይስ መኪና?

ከሰዓት የካርታ ጨዋታ፣ ፖከር በስልክ። ምግብ ጠረጴዛው ጋ፣ ጀርባዬን ለእማማ ክፍል ግድግዳ ሰጥቼ፣ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ። ሁለት አስ መጣልኝ። ሲጀመር እጅ ላይ ከዚያ የሚበልጥ የለም። በልኩ ጨመርኩ፤ እንዳላስፈራቸው፣ እንዳይንቁኝም። ሁለት ሰው ተከተለኝ። "ዝምተኛው" የሚባለው ተጫዋች ግን ካርታውን ጣለ።

አንዴ ቢሆን ምንም አልል። ባለፈው እሑድ ሁለት ንጉሥ ስይዝም ጣለ። ከዚያ በፊትም። ባዶ እጄን ያለኝ ሳስመስል ግን ይከተለኛል፤ ተከትሎም ይበላኛል። ነገሩ አልጣመኝም። ካርታዬን ያየዋል እንዴ?

ጁን 6

ጋሽ ሱብሪ ዘንድ ደወልኩ። የካርታ ማኅበራችንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ሃያ ምናምን የሰፈራችን የኖርዝዴል ሰው፣ ሁሉም በየቤቱ በስልኩ፣ ሁሉም በቅጽል ስም። ገንዘብ የለበትም። ብርዱ ሲያበቃ ብዙ ቺፕ፣ በገንዘብ ፋንታ የምናስይዘውን፣ የሰበሰበ ጠቦት ይወስዳል፣ ጭራ የሆነ ለሁላችን ቢሪያኒ ሩዝ ይሠራል፣ ስማችንም የሚገለጠው ያን ዕለት ግብዣው ላይ ነው። እስከዚያ እኔ "ቀይ ቃሪያ" ነኝ። ዝምተኛው ማን እንደሆነ እንጃ... ሥዕሉ ባርኔጣ ያደረገ ፂማም ሰውዬ ነው።

"ጋሽ ሱብሪ፣ ይሄ ዝምተኛው የሚባለው ማነው?"

"ሮጊ ልጄ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ።"

"ካርታዬን ያየዋል።"

"ማንም የማንንም አያይም። እኔ ራሴ አላይም።"

"ታዲያ ሁለት አስ ስይዝ እንዴት ይሸሻል?"

ሳቁ። "እሱን ተዪና አንቺ ሦስት አስር ይዘሽ ጥለሽ፣ ገልጠሽም ያሳየሽን ምን ሆነሽ ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጠይቅሽ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ሦስት አስር ይዤ ነበር። አንዱ ቺፑን በሙሉ መሃል ገፋ። መሃል የተገለጡትን አየሁ... ልብ በልብ ሆነው ታዩኝ። አምስት ልብ ሰብስቦ ቢሆንስ፣ የእኔን የሚበልጠውን? ያንን ቢሠራስ? ይሄንን ቢይዝስ? ጣልኩ። ባዶውን አሳየኝ፣ ጥርሱን እያሳየ በሉት።

"አንቺ የምትፈሪው ካርታውን አይደለም፣ ሰዉን ነው" አሉኝ ጋሽ ሱብሪ። ይበሉ። ሰው አምኜ ያተረፍኩትን እኔ አውቃለሁ።

ጁን 11፣ እሑድ

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ።

አስር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ነው። ዋይፋዩ ሞተ። ስልኬን ወደ ዳታ ቀይሬ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም አሉ። ዝምተኛው ብቻ የለም። ፂሙ ግራጫ ሆኗል... "ተቋርጧል" ይላል። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

የጋሽ ሱብሪ ሰፈር መብራት ነበረ፣ ጠየቅኩ። ስለዚህ ሰውዬው እኛው ፈረቃ ውስጥ ነው ያለው። ከእኛ መንገድ ወይም ከዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች።

ጎረቤታችንን ፋዚላን በአጥር ጠየቅኳት። "እኔ? ካርታ?" አለች፣ "አላህ ይጠብቀኝ።" ባሏም እንደማይነካ ማለችልኝ። እሷ ስትምል አምናለሁ። ማለቴ... ወደ ማመኑ ነኝ።

ጁን 14

ለዳያላን ሻይ ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ሳላንኳኳ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ያያል። ሲያየኝ ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ምን ታያለህ?"

"ምንም።"

ምንም የሚባል ነገር ስልክ ላይ አለ?

ሌላ ነገር ማሰብ አልፈልግም። ግን ከሰባት ዓመት በፊትም "ምንም" ይለኝ ነበር። ከተማው ዳር ያለው ቁማር ቤት፣ ካዚኖው እየሄደ፣ "ትርፍ ሰዓት ሠራሁ" እያለ። የወርቅ ሐብሌ "ምንም" ሆነ፤ ያቺ ነጭ መኪና "ምንም" ሆነች። በመጨረሻ እናቱ ራሳቸው የጸሎት ክፍል አስገብተው፣ የናስ ሳህን ላይ ለአምላክ የሚነድደውን ካፉር ለኩሰው፣ ሳህኑን በእጃቸው ይዘው "በል" አሉት። እንደ ወጋችን እሳቱን በመዳፉ አጥፍቶ ማለ። ዳግመኛ ካርታ አልነካም ብሎ። እኔም አጠገቡ ቆሜ የራሴን ተናገርኩ። ካርታ የነካ ቀን አብረን አንኖርም።

እኔ የምጫወተው ገንዘብ የሌለበት ነው። እሱ የማለው ግን ለሁሉም ነው። ለገንዘቡም፣ ለጨዋታውም። ልዩነቱን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ጁን 18፣ እሑድ

ልጽፈው ነው እንጂ ማመን አልፈልግም።

ጨዋታው መሃል ቤቱ ጨለም አለ። ፈረቃችን አልነበረም። በመስኮት አየሁ፣ የፋዚላ ቤት መብራት አለ፣ ማዶም አለ። ዳያላን ጋራዥ ውስጥ ያንን አሮጌ ማሞቂያ ሰክቶት ቆጣሪው ዘሎ ነው። የእኛ ቤት ብቻ ነው የጠፋው።

ዝምተኛው ግራጫ ሆነ።

አጋጣሚ ነው። ሰው ስልኩ ይዘጋል፣ ዳታው ያልቃል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል። አጋጣሚ ነው አልኩ። ዳያላን ሄዶ ቆጣሪውን መለሰው። ፂሙ ቀለም አገኘ።

ጁን 21

እንቅልፍ የለም። ፊቱን አየዋለሁ፣ ሲበላ አየዋለሁ። "ምን ሆነሻል?" ይላል። "ምንም" እለዋለሁ። ይቅመሰው እንጂ።

ጁን 25፣ እሑድ

አደረግኩት።

ጨዋታ ሳይጀመር ስልኬን ከዋይፋይ አውጥቼ በዳታ አደረግኩ። መሃል ላይ ዝምተኛው ካርታ ይዞ ሲያስብ ተነሳሁ። በእግር ጣቴ ኮሪደሩን ሄድኩ። ቆጣሪው ጋ ደርሼ ዋናውን ወደ ታች ሳብኩት። ቤቱ ጭጭ አለ። ስልኬን አየሁ።

አንድ... ግራጫ።

ሰውዬው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። እኔ በሠራሁት ሩዝ ጠግቦ፣ የእኔን ዋይፋይ እየበላ፣ ቺፔን ይበላል።

"ሮጊ፣ መብራት ሄደ?" ብሎ ከጋራዥ ጮኸ።

"ተራችን ነው!" አልኩት። ዋሸሁ።

ካርታዬን እንዴት እንደሚያውቅ አልገባኝም። በመስኮት ያያል? ስልኬ ውስጥ የሆነ ነገር አስገብቶ ይሆን? ከዚህ ሰው ምን አይጠበቅም።

ጁን 28

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይሄ የተለመደው በሽታዬ ነው? ጠንካራ ይዤ ሰበብ ፈልጌ ልጥል ነው?

እንደ ካርታ ላስበው። የያዝኩት ጠንካራ ነው። የሚበልጠው አለ? በዚህ ቤት ሦስት ሰው ነን። እኔ፣ እሱ፣ እማማ። እማማ የበር ደወል አይሰሙም። ልጃችን ሴሪሻ ከኬፕ ታውን ከነሲም ካርዱ የላከችላቸው ታብሌት ለመዝሙር ነው፣ እሱንም እሷ በስልክ እየመራቻቸው ነው የሚከፍቱት። ሰው ሲጠፋ ታዲያ እማማን ልጠርጥር? እንዲህ እያልኩ ነው ሦስት አስር የምጥለው።

የሚበልጠኝ ካርታ የለም። መግፋት ነው ያለብኝ።

ግን ብገፋና ባሸንፍስ... ምን አገኛለሁ? ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ውሸታም ሆኖ ያርፈዋል። እሱ ነው ሽልማቱ?

ጁን 30፣ ዓርብ

ሻይ ላይ ነበርን።

"ዝምተኛው አንተ ነህ?"

"ምን?"

"ጨዋታው ላይ። ፂማሙ። አንተ ነህ?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "የምን ጨዋታ? ሮጊ፣ እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ካርታ በእጄ አልነካሁም።"

"በእጅህማ አትነካም። በስልክ ነዋ።"

ስለ ፈረቃው ነገርኩት። ስለ ማሞቂያው፣ ቆጣሪውን እኔ እንዳጠፋሁት። እየሰማኝ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

"ስልክህን አሳየኝ።"

ከኪሱ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ነበር መሰለኝ... ከዚያ መልሶ ከተተው።

"አላሳይሽም።"

"አየህ።"

"ምኑን አየሁ? ሰባት ዓመት ኪሴን ስትፈትሺ ነው የኖርሽው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ደረሰኝ ስትቆጥሪ፣ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ስታነቢ፣ አየሁሽ። የራሴ ጥፋት ነው ብዬ ቻልኩት። ዛሬ ግን አላሳይሽም። ወይ እመኚኝ፣ ወይ ተዪው።"

ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል? ስልክ ማሳየት ምን ያህል ነገር ነው? እኔም ሁሉንም ገፋሁ። የተባባልነውን አስታወስኩት። "ወይ አንተ ሂድ፣ ወይ እኔ ልሂድ" አልኩት።

"አንቺ ከሄድሽ እናቴን ማን ያጥብልኛል? እኔ ነኝ የምሄደው።"

ቦርሳ ሞላ። ሆዊክ ከተማ፣ ወንድሙ ማኖ ጋ ነው የሚሄደው። በር ላይ ዞር ብሎ አየኝና ወጣ።

እማማ ክፍላቸው ነበሩ። ምስኪን፣ ልጃቸው ከቤት ሲወጣ እንኳ አልሰሙም። እራት ስወስድላቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ጁላይ 1

አሸንፌያለሁ አይደል? ታዲያ ለምን ዛሬም የሦስት ሰው ሩዝ ቀቀልኩ?

ጁላይ 2፣ እሑድ

ከየት ልጀምር።

ቀኑን ሙሉ ላለመጫወት ወስኜ ነበር። ከሰዓት ላይ ግን ገባሁ። ማየት ነበረብኝ... ዳያላን ከሆዊክ ሆኖ ይጫወት እንደሆነ። አዎ፣ ዝምተኛው ተቀምጧል። ፂሙን አንጀርግጎ። አየኸው አልኩ በሆዴ፣ እዚያም ሄዶ አልተወውም።

አስር ሰዓት ላይ መብራታችን ሄደ። ዝምተኛው ግራጫ ሆነ።

ማኖ ቤት ደወልኩ። ሚስቱ አነሳች፤ ከኋላ የልብስ ማጠቢያ ይጮኻል።

"መብራት አለ እናንተ ጋ?"

"አለ። ምነው?"

"ዳያላንስ?"

"ውጭ ነው፣ ከማኖ ጋር በሩን እየጠገኑ። ልጥራልሽ?"

"ተዪው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ፂሙ ተመልሶ መጥቷል። ቤቱ ውስጥ እኔ አለሁ። እና... ወደ እማማ ግድግዳ ዞርኩ።

ተነስቼ በሩን በርግጄ ልገባ ነበር። አልገባሁም። ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ሳይገባኝ መግባት አልፈለግኩም፤ ካርታዬን እንዴት ነው የሚያውቁት? ግድግዳ ነው በመሃላችን ያለው። በግድግዳ አይታይም።

ሁለት ካርታ መጣልኝ። ሁለት ንጉሥ። እጄ ብቻውን ሄዶ አምባሮቼን ወደ ክንዴ ገፋቸው።

እጄን አየሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ሲቅጨለጨሉ የኖሩ የሠርጌ አምባሮች፣ ክንዴ ላይ ተጣብቀው ጭጭ ብለዋል። ሁሌም እንዲህ አደርጋለሁ ማለት ነው? ጥሩ ካርታ ሲመጣ? ሥራ ልሠራ ስል፣ ዱቄት ላቦካ ስል የማደርገውን?

እሺ፣ እንግዲያው።

አምባሮቹን አወረድኳቸው። ሻይ ማማሰል ጀመርኩ። አንገቴን አከክሁ፣ ጸጉሬን አሰርኩ፣ ፈታሁ። ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል። መሃል ካርታ ተገለጠ። ንጉሥ አለበት፤ ሦስት ንጉሥ ሆነልኝ። አንዲት ንግሥትም ወጥታለች። ዝምተኛው ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። ሌሎቹ ሁሉ ጣሉ፤ ሁለታችን ቀረን።

አራተኛው ካርታ ልብ ሆነ። ሦስተኛው ልብ... ድሮ ቢሆን እዚህ ጋ ነበር የምፈርሰው። ሰብስቦ ቢሆንስ? ግን ሰብስበው አይደለም አልኩ፤ ሰብስበው ቢሆን ይህን ያህል አይቸኩሉም፣ እማማን አውቃቸዋለሁ። የብርዱን ወራት ሁሉ የሰበሰብኩትን ቺፕ በሙሉ ገፋሁ። በግራ እጄ ሻዩን እያማሰልኩ።

ቆየ። ቆየ። ሰዓቱ እየቆጠረ ሊያልቅ ሲል ዝምተኛው ጣለ። ሲጥል ካርታውን ገልጦ አሳየኝ። ሁለት ንግሥት። ከመሃሉ ጋር ሦስት ንግሥት። ያንን ማን ይጥላል?

"ስትዋሺ ታበዢዋለሽ።"

ከግድግዳው ወዲያ ነው የመጣው። አልጮኸም። የተረጋጋ የሰው ድምፅ።

"እማማ?" አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሰው።

"አቤት።"

ሁለት ዓመት ስጮህባቸው የኖርኩት ሴትዮ።

ገባሁ። ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው፣ ኮፍያቸው እንዳለ፣ ታብሌቷ ጭናቸው ላይ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አላፈሩም፤ ወይም አፍረው ደብቀውታል።

"ጆሮዎ..."

"ያኔ አሞኝ ነበር። ዳነ። ሲድን የጠየቀኝ የለም፣ እናንተ መጮህ ለምዳችሁ ነበር።"

"ለምን አልነገሩንም?"

"ስትጮሁብኝ የምትሉት ይታወቃል። ሻይ፣ መድኃኒት፣ ሽንት ቤት። ቁም ነገሩ ያለው ስትንሾካሾኩ ነው።" ብርድ ልብሱን ሳቡ። "አምባርሽ ሲቆም ጥሩ ይዘሻል። ሲንኳኳ ባዶ ነሽ። ዛሬ ግን ቃጭል እንዳሰሩላት በግ ስትሆኚ፣ ይሄማ ልታጠምደኝ ነው አልኩ።"

"ፂሙስ?"

"ሴሪሻ ናት በስልክ እየመራችኝ የመረጠችው። 'አያቴን ማንም እንዳይንቃት' ብላ።"

ልስቅ ነበር። ሳቁ አፌ ላይ ደርሶ ነው ዳያላን ትዝ ያለኝ።

"ዓርብ ዕለት... ስከሰው ይሰሙ ነበር?"

ታብሌቷን አጠፉ። "እሰማ ነበር።"

"እና ዝም አሉ?"

"ያን ጊዜ ሳህኑን የያዝኩት እኔ አይደለሁ? ልጄን በእሳት አስምዬ፣ እኔ በእርጅናዬ ካርታ ስጫወት... ምን ብዬ ልውጣ? እስኪመሽ ይበርዳል ብዬ ነበር። ቦርሳውን ሲዘጋ ሰማሁት። ልነሳ ነበር። እግሬ እምቢ አለ።"

እርስዎ ነዎት ቤቴን ያፈረሱት አልኳቸው፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ፈሪ ነኝ፣ እሺ" አሉ። "አንቺስ? አንቺ ስትዋሺ እኔ በግድግዳ እለይሻለሁ። እሱ ፊትሽ ቆሞ እውነቱን ሲነግርሽ እንዴት አጣሽው?"

ብርድ ልብሱን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።

ጁላይ 4

ሆዊክ ሄድኩ። ሳልደውል።

በሩ ጋ ነበር፣ ማጠፊያውን ቅባት እየቀባ። ማኖ አይቶኝ ወደ ቤት ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። እናቱ መሆናቸውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ከዚያ ሳቁ እያጠረ ሄዶ ቆመ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "አሁን አምኜሃለሁ።"

"አሁንማ ካርታው ተገልጧል ሮጊ።" በጨርቅ ጣቱን ይጠርጋል። "ከተገለጠ በኋላ የማያምን ማን አለ?"

"ስልክህን ብታሳየኝ ኖሮ እኮ..."

"ባሳይሽ ስልኩን ነበር የምታምኚው። እኔን አይደለም።"

ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፣ ጋራዡ ውስጥ ምን ትሠራለህ ብዬ። እዚያው ቆሜ እንኳ፣ ይቅርታ እየለመንኩ፣ እሱን ነው የማስበው። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? አፌን ያዝኩ።

አብሮኝ አልመጣም።

ጁላይ 9፣ እሑድ

አልተጫወትኩም። እማማም አልተጫወቱም። ሻይ ወስጄ ሳልጮህ "ስኳር?" አልኳቸው። "ሁለት" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነበር የምጨምርላቸው።

ጁላይ 13

መጣ። እናቱ ደውለው ለመኑት። ሴሪሻ ክፍል ነው የሚተኛው። "እባክሽ" ይለኛል፣ "አመሰግናለሁ" ይለኛል፣ እንደ ተከራይ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ትሕትናው ገደለኝ።

ጋራዡን ዛሬ ከፍቶ ተወው። ገባሁ፣ እሱ እያየኝ። ወንበር አለ፣ ያ ማሞቂያ አለ፣ አሮጌ ሬዲዮ አለ፣ ሌላ የለም።

"እዚህ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"እቀመጣለሁ። ሥራ የለኝም እኮ። ቤት ውስጥ ስቀመጥ ታዪኛለሽ።"

ጁላይ 30፣ እሑድ

ግብዣው። ጋሽ ሱብሪ ስም ሲጠሩ፣ "ዝምተኛው!" ሲሉ፣ እማማ ሙኒያማ በዱላቸው ተነሱ። አዳራሹ አበደ። ሁለተኛ ወጥተዋል። ጠቦቱን አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ወሰደው። እኔ መጨረሻ ላይ ሦስቱን እሑድ ቀርቼ ወደ ታች ወርጃለሁ፣ ግድ የለኝም።

ሰው ሁሉ ዳያላንን ያየዋል፤ ወሬው ደርሷቸዋል። እሱ ለእናቱ ሩዝ ጨመረላቸው። ከዚያ ሳልጠይቀው የእኔን ሳህን አንስቶ ጨመረልኝ።

ኦገስት 8

ከሴሪሻ ክፍል ትራሱን ይዞ መጣ። "ያ ፍራሽ ወገቤን ጨረሰው" አለ። ወገቡ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም።

ኦገስት 15፣ ማክሰኞ

ከሰዓት ፋዚላ ደወለች።

"ሮጊዬ፣ ካየሁ በኋላ ብደብቅሽ ኃጢአት ይሆንብኛል ብዬ ነው..."

"ምንድን ነው?"

"ዳያላንን አየሁት። ካዚኖው በር ላይ። መኪናዋ የእናንተው ናት፣ ቁጥሯን አይቻለሁ።"

አመሰገንኳት። ተቀመጥኩ። ያ የማውቀው ጥርጣሬ ተነሳ። ኪሱን፣ ደረሰኙን፣ ኪሎ ሜትሩን... ሁሉንም በአንዴ አሰብኩ። ለካ የትም አልሄደም፣ አድፍጦ ነው የቆየው።

ሳይመሽ መጣ። ጫማውን አወለቀ። እኔ ምንም ሳልል እሱ ጀመረ።

"ፕራጋሰንን አድርሼው መጣሁ። እዚያ ካዚኖው ኩሽና ሥራ ጀምሯል፣ መኪናው ተበላሽታበት።"

ለምን ቀድሞ ነገረኝ? እውነት ስለሆነ? ወይስ ፋዚላን እዚያ አይቷት? ፕራጋሰን ኩሽና ይሠራል? ያ የጫማ ፋብሪካ ጓደኛው እንቁላል መጥበስ ያውቃል?

የፕራጋሰን ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አንድ ጥሪ ነው፤ "መኪናህ እንዴት ሆነች?" ብል ይበቃል። ዳያላን ስልኩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አልማለም፣ አልተቆጣም፣ አላብራራም። ቆሞ ጠበቀኝ።

እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። አሁን ይህን ስጽፍም አላውቅም።

"እሺ" አልኩት።

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ምስሩን አሞቅኩለት።